የጥያቄ አዛዋሪው ቤት ሲለቅ

[የኪራይ ቤት ሳሎን፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ የግድግዳው ሥዕል፣ ሁሉም ለጊዜው ቦታቸው ላይ ናቸው። መስኮቱ አጠገብ አንድ ሰው ጠረጴዛ ይዞ፣ በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቷል። ዳኛው ይሉታል እንጂ ችሎት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ሰዎች በኢንተርኔት ጥያቄ የሚጠይቁበትና የሚመላለሱበት አንድ ገጽ አለ፤ ገጹ በሠፈር በሠፈር ተከፍሏል፤ የትዳር ሠፈር፣ የግንባታ ሠፈር፣ የጤና ሠፈር እያለ ይቀጥላል። ዳኛው ያለ ቦታው የገባ ጥያቄ እያደነ ወደ ትክክለኛው ሠፈር ያዛውራል። ደሞዝ የለውም፤ ኩራቱ ግን የትየለሌ ነው።

አጠገቡ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቆሟል። ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ስለሚያደርግ፣ ነገርም ቀስ ብሎ ስለሚገባው፣ ቀሴ ብለውታል። ዛሬ ቤት የሚለቀቅበት ቀን ነው። ታች የጭነት መኪና ቆሟል፤ እህቱ ጋቢናው ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። «ዕቃውንም እሱንም ይዘህልኝ ውረድ» ብላዋለች። ቀሴ ዕቃውን አይፈራም። የጨነቀው እሱን እንዴት አድርጎ እንደሚያወርድ ነው።]

ዳኛው፦ አይጠየቅም አልኩህ! የገመድ ጥያቄ ሳሎን ውስጥ አይጠየቅም!

ቀሴ፦ ታዲያ የት ነው የሚጠየቀው፣ ጋሼ?

ዳኛው፦ ገመድ የት ነው የሚቀመጠው?

ቀሴ፦ ዕቃ ቤት።

ዳኛው፦ በቃ! እዚያ ሄደህ ጠይቅ።

ቀሴ፦ እዚያ ማንም የለም እኮ።

ዳኛው፦ መላሽ ኖረ አልኖረ የኔ ጉዳይ አይደለም። የኔ ሥራ ጥያቄው ቦታውን እንዲይዝ ማድረግ ነው።

[ቀሴ ይወጣል። ከዕቃ ቤት «ገመድ የት ነው?» ሲል ይሰማል። ይመለሳል።]

ቀሴ፦ ጠየቅኩ።

ዳኛው፦ እሺ?

ቀሴ፦ መልስ የለም።

ዳኛው፦ ታገስ። ጥያቄ ቦታውን ከያዘ መልሱ ቢዘገይም ይመጣል።

ቀሴ፦ ጋሼ፣ ገመዱ ላይ እኮ የተቀመጥከው አንተ ነህ። ይኸው ጫፉ ከሥርህ ብቅ ብሏል።

ዳኛው፦ አየህ! መልሱን እያወቅክ ነው የምትጠይቀው። እኛ ሠፈር ቢሆን ለዚህ ብቻ ትታገድ ነበር።

ቀሴ፦ እስቲ ትንሽ ብድግ ብትልልኝ…

ዳኛው፦ ዛሬ? ጭራሽ! ዛሬ የዋና አዛዋሪ ምርጫ ነው። ወረፋ የያዙትን ጥያቄዎች ካልጨረስኩ ያ «በረኛው» የሚሉት የጤና ሠፈሩ አዛዋሪ ይበልጠኛል። የላክሁለትን ሁሉ እየመለሰ አንገብግቦኛል። ትናንት አንዱ «ድመቴ ኮምፒውተሬ ላይ ካልሆነ አልተኛም አለች» ብሎ ኮምፒውተር ሠፈር ጠየቀ። እንቅልፍ ነው ብዬ ወደ ጤና ላክሁት። በረኛው ድመት ናት ብሎ መለሰው።

ቀሴ፦ ድመት አይደለችም እንዴ?

ዳኛው፦ ድመትማ ናት።

ቀሴ፦ እሺ ለምን ኮምፒውተሩን አይዘጋውም? የምትተኛው ስለሚሞቃት ነው።

ዳኛው፦ [ፊቱን ሳያዞር] ቀሴ፣ ምን አደረግክ አሁን?

ቀሴ፦ ምን አደረግኩ?

ዳኛው፦ መለስክ! አዛዋሪ አይመልስም። አዛዋሪ መመለስ ከጀመረ ማን ያዛውራል?

[ቀሴ ያስባል። አስቦ ሲጨርስ ሶፋው ላይ ወጥቶ መጋረጃውን ያወርዳል። የከሰዓቱ ፀሐይ እንዳለ ዳኛው ፊት ላይ ያርፋል።]

ዳኛው፦ ምንድነው ይሄ ብርሃን?

ቀሴ፦ ፀሐይ ናት። መጋረጃው ወረደ።

ዳኛው፦ ለምን?

ቀሴ፦ ቦታው እዚህ መሆኑ ቀርቷል፤ ወደ ሌላ ቤት…

ዳኛው፦ ቦታው ካልሆነ ይነሳ! ጎሽ፣ እየገባህ ነው። የኔ ወንድም፣ ዓለምን ያበላሻት ቦታው ያልሆነ ነገር ነው።

ቀሴ፦ ሥዕሉንም ላውርደው?

ዳኛው፦ ቦታው ነው?

ቀሴ፦ ከዛሬ በኋላ አይደለም።

ዳኛው፦ ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?

[ሥዕሉ ወረደ። ቀሴ ሥራው እንዲህ ቀላል ይሆናል ብሎ አላሰበም። ታች የመኪና ጡሩንባ ይነፋል።]

ዳኛው፦ ማነው ይሄ ጆሯችንን የሚያደነቁረው?

ቀሴ፦ እትዬ ናት።

ዳኛው፦ ምን ሆንኩ ትላለች?

ቀሴ፦ «ይመጣል ወይስ አይመጣም?» ነው የምትለው።

ዳኛው፦ የጡሩንባ ጥያቄ ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚመልሰው።

ቀሴ፦ ጋሼ፣ ቤት እየለቀቅን ነው እኮ።

ዳኛው፦ ልቀቁዋ! ማን ከለከላችሁ? የቤቱን ጉዳይ ድሮ ወደ አንተ አዛውሬዋለሁ። እህትህ «ቤት እንፈልግ» ብላ ስትመጣ ምን አልኳት?

ቀሴ፦ «የቤት ጥያቄ ለወንድምሽ ነው።»

ዳኛው፦ ፈለጋችሁ፣ አገኛችሁ፣ ተስማማችሁ። እኔ ገብቼበት ቢሆን እስካሁን እንነታረክ ነበር። በቦታው የተጠየቀ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው!

[ሁለት ጫኝና አውራጆች ገብተው ሶፋውን ያነሳሉ። ዳኛው ሳያያቸው እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ቀሴ ምንጣፉን ከዳር መጠቅለል ይጀምራል።]

ዳኛው፦ አንተ ግን ሥራዬን ንቀኸዋል። ፊትህ ላይ ያስታውቃል።

ቀሴ፦ ፊቴን መቼ አየኸው?

ዳኛው፦ ድምፅህ ላይ። ስማ፣ አንድ ሰውዬ ግንባታ ሠፈር ገብቶ «ጣራዬ ያፈሳል፤ ከሥሬ ያለው ጎረቤቴ ጠዋት ማታ ይሰድበኛል» ብሎ ጠየቀ። እኔ ምን አደረግኩ?

ቀሴ፦ ባልዲ ደቅን አልከው።

ዳኛው፦ የምን ባልዲ! ስድብ አለበት፤ ወደ ሕግ ሠፈር ላክሁት። ሕጎች «ይሄማ የጉርብትና ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ማኅበራዊ ኑሮ። ማኅበራዊ ኑሮዎች «ጣራው ካልተደፈነ ምን እናስታርቃለን?» ብለው ወደ ግንባታ። ግንባታዎች «ቀድሞ እናንተው አይደላችሁም ያባረራችሁት?» ብለው ወደ እኔ።

ቀሴ፦ ወይ ጣጣ! መጨረሻው ምን ሆነ?

ዳኛው፦ ሰውዬው ራሱ «ተዉት፣ ዝናቡ አባርቷል» ብሎ ዘጋው። ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ተፈታ!

ቀሴ፦ ጎረቤቱስ?

ዳኛው፦ ጎረቤቱ መቼ ጠየቀን?

ቀሴ፦ እግርህን አንሳልኝ።

[ዳኛው ሁለት እግሩን ያነሳል፤ ምንጣፉ ከሥሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲመልስ ባዶ ሲሚንቶ ያገኘዋል። ደርሶ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ግን ዓይኑን ከላፕቶፑ አልነቀለም።]

ዳኛው፦ ከሁሉ የምኮራበትን ልንገርህ? አንዷ «ቤት ልንቀይር ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ» ብላ ጠይቃለች። የት መሰለህ? ትዳር ሠፈር! ትዳር ሠፈር፣ ቀሴ! ቁምሳጥን ማመላለስ ከትዳር ጋር ምን አገናኘው? አንድ ሰው እንኳ ሳይቀድመኝ አፈፍ አድርጌ ጭነት ሠፈር ወረወርኩት።

[ቀሴ የጠቀለለውን ምንጣፍ መሬት ላይ ይተወዋል። ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ቢሆንም ይሄኛው ፈጥኖ ገባው።]

ቀሴ፦ እሱን ያዛወርከው አንተ ነህ?

ዳኛው፦ በነዚህ ጣቶቼ!

ቀሴ፦ ሆዱን አንብበኸዋል?

ዳኛው፦ የምን ሆድ?

ቀሴ፦ የጥያቄውን። ከርዕሱ ሥር የተጻፈውን።

ዳኛው፦ አዛዋሪ ሆድ አያነብም። ሆድ ያነበበ ለአንዷ ሲያዝን፣ በሌላው ሲቆጣ ይውልና ሥራ ይፈታል። እኔ ርዕስ አያለሁ፣ እልካለሁ።

ቀሴ፦ እኛ ደግሞ ማን ነው እንዲህ ያደረገው ስንል ከርመናል።

ዳኛው፦ እናንተ እነማን?

ቀሴ፦ እኔና… ጠያቂዋ።

ዳኛው፦ ታውቃታለህ እንዴ?

ቀሴ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ።

ዳኛው፦ እሰይ! መልስ አገኘች አይደል? ጭነት ሠፈር የተግባር ሰዎች ናቸው፤ ወሬ አያበዙም።

ቀሴ፦ አግኝታለች። የሳምንቱ ምርጥ መልስ ተብሎላታል። ተራ በተራ እንድፈጽመው በቃሌ አስጠንታኛለች።

ዳኛው፦ በል አሰማኛ! የዘራሁትን ልየው።

ቀሴ፦ «መጀመሪያ መጋረጃና ሥዕል አውርዱ፤ ቤቱ ቤት መምሰሉን ይተዋል።»

ዳኛው፦ ብልህ ሰው!

ቀሴ፦ «ሶፋውን ውሰዱ። ምንጣፉን ከሥሩ ሳቡት።»

ዳኛው፦ ከሥሩ? ከማን ሥር?

ቀሴ፦ «አልነሳም ያለ ከባድ ዕቃ ካለ አትታገሉት፣ አትጨቅጭቁት። ዙሪያውን አራቁቱት።»

ዳኛው፦ ድንቅ ነው! ከባዱ ዕቃ ምንድነው? ቁምሳጥን መሆን አለበት።

ቀሴ፦ ከቁምሳጥን ይብሳል። ቁምሳጥን ዝም ይላል።

ዳኛው፦ ፍሪጅ ነዋ!

ቀሴ፦ ፍሪጅ ሲከፍቱት መብራት አለው።

[ጫኝና አውራጆቹ ተመልሰው ጠረጴዛውን በሁለት ጎን ይይዛሉ። ቀሴ ላፕቶፑን አንስቶ ዳኛው ጉልበት ላይ ያስቀምጥለታል። ጠረጴዛው ይወጣል። አሁን ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው፣ ከወንበሩ ሥር የተንጠለጠለ የገመድ ጫፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ የዋይፋይ ሳጥን ናቸው።]

ዳኛው፦ ቀሴ!

[«ቀሴ… ሴ…» ይላል ግድግዳው።]

ዳኛው፦ ማነው የሚደግመኝ?

ቀሴ፦ ቤቱ ነው። ባዶ ቤት ያስተጋባል።

ዳኛው፦ የድምፅ ጥያቄ ወደ ፊዚክስ… [«ፊዚክስ… ክስ…»] ተወው። ከዚያስ ምን ይላል መልሱ? መጨረሻው?

ቀሴ፦ መጨረሻውን አሁን ነው የምፈጽመው።

ዳኛው፦ ፈጽመዋ! መልስ ተሰጥቶ ሳይፈጸም ሲቀር አልወድም።

ቀሴ፦ እርግጠኛ ነህ ጋሼ? በኋላ «ሳትጠይቀኝ» እንዳትለኝ።

ዳኛው፦ በዋና አዛዋሪነቴ አዝዤሃለሁ!

[ቀሴ ጥግ ድረስ ቀስ ብሎ ሄዶ የዋይፋዩን ሳጥን ይነቅላል። አረንጓዴው መብራት ይጠፋል። ዳኛው ላፕቶፑን ይጫናል፣ ደግሞ ይጫናል፣ ይነቀንቀዋል። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ይላል። ግድግዳውን ያያል፤ ሥዕሉ የነበረበት ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ክው ይላል።]

ዳኛው፦ ተዘረፍን!

ቀሴ፦ አልተዘረፍንም። ተዛወርን።

ዳኛው፦ ማን ፈቀደ?

ቀሴ፦ አንተ። አንድ በአንድ ጠየቅኩህ፣ አንድ በአንድ ጎሽ አልከኝ።

ዳኛው፦ ሶፋዬስ?

ቀሴ፦ ሰላም ብለኸው ወጣ።

ዳኛው፦ ቆይ፣ ቆይ… ያቺ ሴትዮ። የምታውቃት። ሆዱ ምን ይላል?

[ቀሴ ስልኩን ያወጣል። ማንበብም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ዛሬ ግን ከዚያም ቀስ አለ፤ እህቱ ይህን ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጦ ነበርና አሁንም ሆዱን ያባባዋል።]

ቀሴ፦ «ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ነገር ያለ ቦታው ሲወድቅ አይወድም። ለማያውቀው ሰው ጥያቄ ሳይቀር ቀኑን ሙሉ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። እኔ ስጠይቀው ግን የቤቱን ለወንድምሽ፣ የመብራቱን ለጎረቤት፣ ያመመኝን ለሐኪም ይለኛል። ቤት ስንፈልግ አብሮኝ አልወጣም። አዲሱን ቤት አላየውም፤ የት እንደሆነም አልጠየቀኝም። ዕቃው ተጭኖ እሱ ወንበሩ ላይ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ። ያለ እሱ መግባት አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

[ዳኛው ላፕቶፑን ይከድናል።]

ዳኛው፦ ቀሴ… ይቺ ሴትዮ ወንድም አላት?

ቀሴ፦ አላት።

ዳኛው፦ ቀርፋፋ ነው?

ቀሴ፦ ይሉታል።

ዳኛው፦ [ፊቱን በእጁ ይሸፍናል] ወይኔ! ትዳር ሠፈር እያለች የመለሰላት ሰው አልነበረም?

ቀሴ፦ አንዲት እናት ጀምረውላት ነበር። «ልጄ፣ ወንበር ስበሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪና ዓይን ዓይኑን እያየሽ…» ብለው ሳይጨርሱ አንተ አዛወርከው።

ዳኛው፦ እያየሽ ምን?

ቀሴ፦ አይታወቅም። ጭነት ሠፈር ሲደርስ «ዕቃ ዓይን የለውም» ብለው ሰረዙት።

ዳኛው፦ አፈርኩ፣ ቀሴ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። እስቲ ንገረኝ፤ አዲሱ ቤት የት ነው?

ቀሴ፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ እዚህ ቦታው አይደለም።

ዳኛው፦ አትቀልድ!

ቀሴ፦ አልቀለድኩም። የት እንደሚጠየቅ ታውቃለህ።

[ጡሩንባው በረጅሙ ይነፋል። ዳኛው ብድግ ይላል፤ ላፕቶፑን ቀሴ እጅ ላይ ጥሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወርዳል። ቀሴ ወንበሩ ላይ የቀረውን ገመድ ያያል። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ዳኛው እያለከለከ ተመልሶ ይገባል።]

ቀሴ፦ ምን አለችህ?

ዳኛው፦ አዛወረችኝ!

ቀሴ፦ ወዴት?

ዳኛው፦ ወደ አንተ! «የቤት ጥያቄ ለወንድሜ ነው» አለችኝ። መስኮቱንም ዘጋችብኝ።

ቀሴ፦ ምን ብለህ ነበር የጠየቅካት?

ዳኛው፦ «አዲሱ ቤት የት ነው?» ብዬ።

ቀሴ፦ እሱ ርዕሱ ነዋ። ሆዱንስ?

ዳኛው፦ [ቀሴን በደንብ አድርጎ ያየዋል፤ ካገባበት ዕለት ጀምሮ እንዲህ አይቶት አያውቅም።] ሆዱን… አልነገርኳትም።

ቀሴ፦ እንግዲያ ዝቅ ብለህ ንገራታ።

[ዳኛው ይወጣል። አሁን አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ቀሴ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ታች የጋቢናው መስኮት መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ወሬው አይሰማም። እህቱ መጀመሪያ እጇን እያወራጨች ትናገራለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ቀሴም ሳይታወቀው ይስቃል። የመኪናው ሞተር ይነሳል።]

ዳኛው፦ [ከታች፣ ጮክ ብሎ] ቀሴ! ኧረ ቀሴ!

ቀሴ፦ [በመስኮቱ ብቅ ብሎ] አቤት ጋሼ! ታረቃችሁ?

ዳኛው፦ ታረቅን! ግን ጋቢናው ውስጥ ያለውን ቦታ የአበባ ማሰሮዎቿ ይዘውታል! እኔ ከኋላ ነኝ!

ቀሴ፦ ከዕቃው ጋር?

ዳኛው፦ «ከባድ ዕቃ መጨረሻ ይጫናል፣ ጥብቅ ተደርጎም ይታሰራል» አለችኝ! ምርጡ መልስ እንደዚያ ይላል እንዴ?

ቀሴ፦ ቃል በቃል!

ዳኛው፦ እንግዲያ ቶሎ በል! ገመዱ የት ነው?

[ቀሴ ገመዱን ከወንበሩ ላይ ያነሳል። በእርጋታ ይጠቀልለዋል፤ ትከሻው ላይ ያደርገዋል። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን ብሎ ይመልሳል።]

ቀሴ፦ ጋሼ! የገመድ ጥያቄ ጭነት መኪና ላይ አይጠየቅም! ዕቃ ቤት ሄደህ ጠይቅ!